ባዮዲዝል ውስጥ የሚቀረውን ውሃ በዳይፐር ጄል ማውጣት ይቻላል ወይ?

ገርጂ ጀነሬተር

ሰላም ቤተሰብ። እስቲ የምታውቁ አግዙኝ።

ሰፈሬ ካሉ ቺፕስ ቤቶችና ሳምቡሳ ጠባሾች ያገለገለ ዘይት እሰበስባለሁ። ባዮዲዝል አድርጌው መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሬን አስነሳበታለሁ። አሠራሩ አዲስ ነገር የለውም። ዘይት፣ ሜታኖል፣ ኮስቲክ ሶዳ። ግሊሰሪኑ ይዘቅጣል፣ የላይኛውን እቀዳለሁ፣ ሳሙናው እንዲወጣ በውሃ አጥበዋለሁ።

ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከእጥበቱ በኋላ ነው። ነዳጁ ደፍርሶ ይቀራል። ሲቆይ በርሜሉ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፣ የላይኛው ግን ጥርት አይልም። አሙቆ ማድረቅ እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን ለማሞቂያው መብራት ቢኖርማ ጀነሬተር ምን አስፈለገኝ?

አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ ዳይፐር ቅደድ፣ ውስጡ ያለውን ዱቄት ነዳጁ ውስጥ በትነው፣ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ አጥልለህ ጣለው። ዱቄቱ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው። አንድ ግራሙ ከመቶ ግራም በላይ ውሃ ይጠጣል ይባላል። እንዲያ ከሆነ ለአንድ በርሜል አንድ ዳይፐር ይበቃል ማለት ነው። የሞከረ አለ? ኢታኖል ላይስ ይሠራል?

ማማ ዳይፐር

የዳይፐር ዋጋ ሰምተሃል ወይ ወንድሜ? ለበርሜል እያልክ ስትጽፍ እኛ ለልጅ አጥተናል።

ቤተ ሙከራ

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ያለው ነገር ግማሹ ልክ ነው። ዝም ብዬ "አይሆንም" ብል አይገባህምና ትንሽ ላብራራው።

የፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ አሉታዊ ቻርጅ የያዙ ቡድኖች ተደርድረዋል። በየአጠገባቸው ሶዲየም አለ። ውሃ ሲደርስበት ሶዲየሙ ከቦታው ይላቀቃል፣ ግን ርቆ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ጄሉ ውስጥ ሶዲየም ይበዛል፣ ውጭ ያንሳል፣ ውሃው ወደ በዛበት ይገባል። ኦስሞሲስ የሚባለው ነው። ሰንሰለቶቹ እዚህም እዚያም እርስ በርስ ስለተቋጠሩ አይሟሙም፣ ያብጣሉ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ ባለው ቤተ ሙከራ ከበቆሎ ስታርች ጋር አዳቅለው የሠሩት ነገር "ሱፐር ስለርፐር" ተባለ። መነሻው ሕፃን አልነበረም፤ የበቆሎ ስታርች ሌላ ገበያ ፍለጋ ነው።

መቶ እጥፍ የተባለው ለንጹህ ውሃ ነው። ውሃው ጨው ካለው፣ ሶዲየሙ ውጭም ስለሚገኝ መሳቡ ይዳከማል፤ ከ30 እስከ 60 እጥፍ ይወርዳል። ካልሲየም ያለበት ውሃ ከሆነ ይባስ፣ ካልሲየም ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል። አንተ ዘይትህን የምታመጣው ከቺፕስ ቤት ነው። ጨው አለበት።

ዋናው ጉዳይ ግን ጨው አይደለም። ነዳጅ ውስጥ ውሃ በሦስት መልክ ይኖራል። አንዱ ከሥር የሚተኛው ነው። ሌላው በጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ ነዳጁን የሚያደፈርሰው። ሦስተኛው ሟሙቶ የማይታየው። ጄሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደህና አድርጎ ይለቅማል። ብራዚል ካምፒናስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሃይድሮጄሎችን በባዮዲዝልም በናፍጣም ላይ ሞክረዋል፤ ውሃ ይቀንሳሉ። ሦስተኛው ላይ ነው ሒሳቡ የሚለወጠው።

ባዮዲዝል ከናፍጣ ይልቅ ውሃ ይወዳል። ናፍጣ በተራ ሙቀት መቶ ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል መቶ) ገደማ ሲደርስ ይጠግባል። ባዮዲዝል ግን ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ድረስ አሟሙቶ ይይዛል፣ ያውም ጥርት እንዳለ። የአውሮፓው መስፈርት የሚፈቅደው 500 ነው። ስለዚህ በዓይንህ የጠራ ነዳጅ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ውሃ ሊኖረው ይችላል።

አሁን የሟሟውን ውሃ እንደ አየር እርጥበት ቁጠረው። 1500 ላይ የጠገበ ነዳጅ ማለት እርጥበቱ 100 በመቶ የሆነ አየር ማለት ነው። 500 ላይ ስታደርሰው 33 በመቶ ሆነ። ጄሉ በ33 በመቶ እርጥበት ውስጥ መቶ እጥፉን አይጠጣም። ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን ቢይዝ ነው።

ሒሳቡ ይሄውልህ። 100 ሊትር ባዮዲዝል 88 ኪሎ ይመዝናል። ከ1500 ወደ 500 ለማውረድ 88 ግራም ውሃ መውጣት አለበት፣ አንድ ሲኒ ገደማ። ጄሉ የክብደቱን አምስተኛ ከያዘ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ሊያስፈልግህ ነው። አንድ ዳይፐር ውስጥ ከ10 እስከ 15 ግራም አለ።

ማማ ዳይፐር

40 ዳይፐር! እግዚኦ።

ገርጂ ጀነሬተር

እህቴ ቤተ ሙከራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርጥበቱን ነገር እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ግን የኔ ነዳጅ ገና ድፍርስ ነው፣ ሟሙቶ የቀረው ላይ አልደረስኩም እኮ። ድፍርሱን ጄሉ ይለቅማል ካልሽ፣ ለዚያ ያህል አይጠቅመኝም?

ቄራ ፊልትሮ

ልጄ፣ እኔ ኬሚስት አይደለሁም። የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል ስፈታ ስገጥም ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሚደፈርሰው ጠዋት ጠዋት ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?

ገርጂ ጀነሬተር

ጠዋት ይብሳል ጋሼ። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይሻለዋል።

ቄራ ፊልትሮ

ዘይቱስ? ያ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ የሚረጋው ፓልም ነው?

ገርጂ ጀነሬተር

አብዛኛው አዎ። ቺፕስ ቤቶቹ በሙሉ እሱን ነው የሚጠቀሙት።

ቄራ ፊልትሮ

እንግዲያው ከምታየው ድፍርስ ውስጥ ግማሹ ውሃ አይደለም። ስብ ነው። ጄል ብትበትንበት አይነካውም፣ የዳይፐሩን ዋጋ ብቻ ነው የምትከስረው።

ኅዳርና ታኅሣሥ በሽተኛ ናፍጣ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ፊልትሮው ነጭ ሻማ የመሰለ ነገር ይዟል። ሞተሩ ጠዋት አልነሣም ይላል፣ እኩለ ቀን ላይ በራሱ ይነሣል። ውሃ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይሆንም።

ቤተ ሙከራ

ጋሼ ልክ ነዎት፣ እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ነው የጠየቁት። የፓልም ባዮዲዝል ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ላይ መደፍረስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የበጋ ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል።

መለያው ቀላል ነው። በጠርሙስ ቅዳና 30 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፀሐይ ላይ አቁመው። ሙሉ በሙሉ ከጠራ ችግርህ ስቡ ነበር። ሞቆም ጭጋግ ከቀረው የተበተነ ውሃ አለው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ጥቂት ውሃ ብቻ ካለው ሲሞቅ ሟሙቶ ይደበቅና ጠፋ ያሰኝሃል። ስለዚህ ሌላ ፈተና ጨምርበት። መጥበሻ አግልና ጥቂት ጠብታ ጣልበት። ከተንጣጣ ውሃ አለ። እሳቱ ላይ ሆነህ አይደለም ታዲያ፣ መጥበሻውን ከእሳት አውርደህ። ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚሰጥህ የካርል ፊሸር ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱ ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም።

አሌክሳንድሪያ

ከቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ባዮዲዝል የሚያፈሉ ፈረንጆች ሞልተዋል፣ እኔም ለአንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ዘይት ስወስድ ነው የገባሁበት። አብዛኞቹ አሁን በውሃ ማጠብ ትተዋል። "ደረቅ እጥበት" ይሉታል። ሜታኖሉን መጀመሪያ ያወጣሉ፣ ከዚያ ነዳጁን አምበርላይት በሚባል ሬዚን ቱቦ ውስጥ ያንጠባጥባሉ፣ ወይ ማግኔሶል የሚባል ነጭ ዱቄት ቀላቅለው ያጣራሉ። ሳሙናውን እሱ ይዞ ያስቀራል።

ውሃ ካላስገባህበት ውሃ የማውጣት ጣጣ የለብህም። እኔ አንተን ብሆን ስለ ጄሉ ከመጨነቄ በፊት ይሄን አስብ ነበር።

ገርጂ ጀነሬተር

ሬዚኑ እዚህ ይገኛል ወይ? ቢገኝስ በስንት ብር?

አሌክሳንድሪያ

እዚህም ርካሽ አይደለም፣ አልዋሽህም። ዶላሩን አስበህ ከሆነ ተወው።

ዴፖ

ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ግን ይሄን ሳልጽፍ ብሄድ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ኤርፖርት ላይ አውሮፕላን ነዳጅ መሙላት ሥራዬ ነበር። እናንተ የምትሉት ጄል እኛ ጋ ለብዙ ዓመታት ዋና የደኅንነት መሣሪያ ነበር። ነዳጅ በሚሞላው መኪና ላይ "ፊልተር ሞኒተር" የሚባል አለ። ውስጡ ይሄው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው። ነዳጅ ሲያልፍ ዝም ይላል። ውሃ ከመጣ ያብጥና መተላለፊያውን ይዘጋል። ፍሰቱ ይቆማል፣ ውሃ ወደ አውሮፕላን አይገባም። ሲነገር እንዴት ያምራል!

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2010 የካቴይ ፓሲፊክ በረራ 780 ከሱራባያ፣ ኢንዶኔዥያ ተነሥቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበራል። ኤርባስ ኤ330 ነው፣ ከሠራተኞቹ ጋር 322 ሰው። ከዚያ በፊት ሱራባያ ኤርፖርት ላይ የነዳጅ መስመር ማስፋፊያ ሥራ ነበር፣ በዚያ ምክንያት የባሕር ውሃ ወደ መስመሩ ገብቷል። የጨው ውሃ ከሆነ ጄሉ በወጉ አያብጥም፣ እህቴ ቤተ ሙከራ ከላይ እንዳለችው። ስለዚህ በሩን አልዘጋም። ይልቁንም ጄሉ ራሱ ከፊልተሩ አምልጦ ከነዳጁ ጋር ሄደ። በጥቃቅን ኳስ መልክ ሞተሮቹ ነዳጅ የሚለኩበት ክፍል ውስጥ ገብቶ ቫልቮቹን አጣበቀ።

ሆንግ ኮንግ ሲቃረቡ ሁለቱም ሞተሮች የሚታዘዙ አልሆኑም። አንዱ ዝቅተኛው ኃይል ላይ ቀረ። ሌላው 74 በመቶ ገደማ ላይ ተጣበቀ፣ ዝቅ አላደርግም አለ። አብራሪዎቹ 230 ኖት ገደማ እየበረሩ ነው መሬት ያስነኩት። ከተለመደው እጅግ የፈጠነ ነው። ፍሬኑ ጋለ፣ ጎማዎቹ ተነፈሱ። የሞተ የለም። መንገደኞቹ በመንሸራተቻው ሲወርዱ 57ቱ ተጎዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ፣ ብዙ ተሠራ። የሞኒተሮቹን መስፈርት የሚያወጣው ኢነርጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ መስፈርቱን አነሣው። አሁን ጄል የሌለባቸው ፊልተሮች እየተኩት ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ፣ ያ ሁሉ ቁጥጥር ባለበት ጄሉ ካመለጠ፣ አንተ ዳይፐር ቀድደህ በርሜል ውስጥ በትነህ በጨርቅ አጥልለህ ሞተር ውስጥ ልትከት ነው?

ቄራ ፊልትሮ

የልቤን ነገርከኝ ልጄ። የናፍጣ ፖምፓ ውስጥ ያለው ክፍተት ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ኮመን ሬይል (የዘመናዊ ሞተሮች ባለ ከፍተኛ ግፊት የነዳጅ መስመር) ከሆነ ደግሞ አታውራው። ያ ዱቄት ደረቁን ቢገባ አሸዋ ነው፣ ውሃ አግኝቶ ቢገባ ሙጫ ነው። ጀነሬተሩ የድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ቢሆንም አይምረውም።

ቤተ ሙከራ

ዴፖ ያነሣው ላይ አንድ ልጨምር። የአውሮፓው መስፈርት ሶዲየምና ፖታሲየም ተደምረው ከ5 ሚሊግራም በኪሎ እንዳይበልጡ ይላል። ምክንያቱም ሶዲየም ኖዝል ላይ ይጋገራል፣ አመድም ይሆናል። ጄሉ ከክብደቱ ሩብ ገደማ ሶዲየም ነው። ያውም አንተ በኮስቲክ ሶዳ ስለምትሠራ ቀድሞውኑ ሶዲየም አለብህ።

በተረፈ ግን ጄሉን ጨርሶ አልኮንነውም። ቦታው ሞተር አጠገብ አለመሆኑን ነው የምለው። ጥቅጥቅ ባለ ከረጢት ተሰፍቶ፣ ማስቀመጫ በርሜል ሥር ተኝቶ፣ ከእርሱ በኋላ መዝቀጫ በርሜልና ደህና ፊልትሮ ካለ፣ የተኛውን ውሃ ይይዝልሃል። በገበያም ለናፍጣ ታንክ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ ከረጢቶች አሉ። የዳይፐሩን ዱቄት ልቅ አድርጎ መበተን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሞላሰስ

ኢታኖል የሚል ነገር አይቼ ገባሁ። ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ክፍል ሠርቻለሁ። የጠያቂውን ሁለተኛ ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት።

ኢታኖል ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ያውቁታል። መጀመሪያ የወጣው ቀላል ነው፣ ዳግም ሲወጣ ይጠነክራል። ግን ሺህ ጊዜ ቢደገም 96 በመቶ አያልፍም። 95.6 በመቶ በክብደት ሲደርስ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፣ ማንጠር ትርጉም ያጣል። ለመጠጥ ይሄ ከበቂም በላይ ነው። ቤንዚን ላይ ልትቀላቅለው ስትፈልግ ነው ችግሩ፤ ያ የቀረው 4 በመቶ መውጣት አለበት።

ድሮ ቤንዚን (benzene) የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል ጨምረው ነበር የሚያወጡት (የመኪናው ነዳጅ አይደለም፣ ስማቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው)። ጥሬ ኖራ የሚጠቀምም ነበር። አሁን ዓለም የሚሠራበት ዚዮላይት የሚባል ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማዕድን ነው፣ "3ኤ" የሚባለው ዓይነት። ቀዳዳው 3 አንግስትሮም ነው (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። የውሃ ሞለኪውል ከዚያ ያንሳል፣ ይገባል። ኢታኖል ከ4 ይበልጣል፣ ውጭ ይቀራል። ሲጠግብ በሙቀትና በቫክዩም ያደርቁታል፣ እንደገና ይሠራል።

ጄሉስ? እኔ አልሞከርኩም፣ እህታችን ትናገር።

ቤተ ሙከራ

ጄሉ ኢታኖል ውስጥ ይኮማተራል። ሶዲየሙ ከሰንሰለቱ እንዲላቀቅ የሚያደርገው ውሃው ነው። ፈሳሹ አብዛኛው አልኮል ሲሆን ሶዲየሙ ወደ ሰንሰለቱ ይመለስና ይጣበቃል፣ መገፋፋቱ ያበቃል፣ ጄሉ ጭምድድ ይላል። እንዲያውም ያበጠ ጄል ውሃውን እንዲተፋ ከፈለግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ኢታኖል ነው የምናፈስበት። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤምአይቲ ውስጥ ቶዮይቺ ታናካ አሴቶንና ውሃ ሲቀላቅል የዘመዱ የፖሊአክሪላማይድ ጄል መጠን በአንዴ ዘጭ ብሎ እንደሚወድቅ አሳየ። የአሴቶኑ መጠን ትንሽ ሲለወጥ ጄሉ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ነገሩ ያው ነው።

በኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር የሠራችሁ ካላችሁ አይታችሁት ይሆናል። የሚያወፍረው ካርቦመር የፖሊአክሪሌት ዘመድ ነው። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ በኮስቲክ ሶዳ ያስተካከለው ሰው ጄል ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው ያገኘው። በኮስቲክ ሶዳ ፋንታ ትራይኢታኖላሚን የሚባለውን የተጠቀመው ይሻለው ነበር።

ፖሊመር ኢታኖልን ያደርቃል ወይ ከተባለ ግን አዎ፣ ስታርች ያደርቃል። በ1979 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢታኖል እንፋሎት በተፈጨ በቆሎ ውስጥ አሳልፈው ውሃውን አስቀሩ። በቆሎው ሲጠግብ በሙቅ ጋዝ ያደርቁታል፣ ደጋግመው ይጠቀሙበታል። ፈሳሹ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው የሚያልፈው፣ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ጄል መሆን አላስፈለገውም፣ ማበጥም አላስፈለገውም።

ሞላሰስ

እግዜር ይስጥልን። በቆሎውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ለጠያቂው አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ የፊንጫ ኢታኖል ቤንዚን ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ጀመረ፣ በ2011 ወደ 10 ከፍ አለ። ያኔ መኪና የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለ ድብልቅ ውስጥ ውሃ ሲገባ ኢታኖሉ ይሸከመዋል። ግማሽ በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ይለያያሉ። ኢታኖሉና ውሃው ተያይዘው ታች ይወርዳሉ፣ ላይ የሚቀረው ቤንዚን ኢታኖሉን ስላጣ ኦክቴኑ ይወድቃል። ታች የተኛውን በጄል አወጣለሁ ብትል ኢታኖል ስለበዛበት አይጠጣውም። ለዚህ ነው የማደያ ፊልተሮች ላይ ለንጹህ ውሃ የተሠራው ዓይነት ለኢታኖል ድብልቅ የማይሆነው።

ቄራ ፊልትሮ

አስታውሳለሁ እንጂ! የቆሸሸ ታንክ የነበራቸው መኪኖች ሁሉ ካርቡራቶራቸው ተደፍኖ እኔ ጋ መጡ። ኢታኖሉ የስንት ዓመት ዝገትና ቆሻሻ አጥቦ አወረደው። እንጀራ በላሁበት።

ገርጂ ጀነሬተር

ኢታኖሉን ትቻለሁ። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አቆምኩት። አብዛኛው ጠራ፣ ትንሽ ጭጋግ ግን አለው። መጥበሻው ላይም ተንጣጣ። ስለዚህ ሁለቱም አለብኝ፣ ስብም ውሃም።

ስቡን ለጊዜው በሞቃት ሰዓት ብቻ በመጠቀም እወጣዋለሁ። ውሃውን ያለ መብራትና ያለ 40 ዳይፐር እንዴት ላድርገው?

ቤተ ሙከራ

የበጋ አየር አለህ አይደል?

የእርጥበቱን ሒሳብ ተመልከተው። ነዳጅህን 33 በመቶ እርጥበት ካለው አየር ጋር ብታነካካው፣ ውሃው ወደ አየሩ እየሄደ 500 ፒፒኤም ገደማ ላይ ይረጋል። ጄሉ የሚሠራውን ነው አየሩ የሚሠራልህ፣ ልዩነቱ አየሩ አይጠግብም። አዲስ አበባ ውስጥ በጥርና በየካቲት ከሰዓት በኋላ እርጥበቱ እዚያ አካባቢ ይወርዳል። ነዳጁ ከአየሩ ትንሽ የሞቀ ከሆነ ከዚያም በታች ይደርቃል። ጥቁር የተቀባ በርሜል ፀሐይ ላይ አቁም። ከላይ በቀጭን ቀዳዳ እያንጠባጠብክ ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጠው። ጠብታው በቀጠነ መጠን አየሩ ይደርስበታል። ትንሽ የእጅ ፓምፕ ካለህ በጣም ጥሩ።

ከዚህ በፊት ግን ሌሊቱን ሙሉ አስቀምጠው። ሲቀዘቅዝ የሚያሟሟው ውሃ ስለሚቀንስ የተረፈው ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ከሥር በቧንቧ አውጣው። አንተ ጋ ስቡም አብሮ ስለሚወርድ ሥሩ ላይ የምታገኘው ቅልቅል ነው፣ አትደንግጥ። ለብቻው አስቀምጥና ሲሞቅ ስቡን መልሰህ ታገኘዋለህ።

የክሩ ጠባቂ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለውን የአየር ማድረቅ ሜታኖል በደንብ ሳይወጣለት የሚሞክር ሰው ራሱን ያቃጥላል። ሜታኖል ባሕር ጠለል ላይ በ65 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ስላለ በ58 ገደማ ይፈላል። እንፋሎቱ በተራ ሙቀትም ይቀጣጠላል። ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። መተንፈሱም መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። የሚሠራበት ቦታ ከቤት ውጭ ይሁን፣ ሲጋራ፣ ከሰል፣ ጄነሬተር አጠገቡ አይድረስ። በደንብ የታጠበ ብቻ ነው ለአየር የሚቀርበው።

ገርጂ ጀነሬተር

ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሦስቴ ነው የማጥበው፣ የመጨረሻው ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወጣ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በጋስ ይሁን። ክረምት ሲገባስ? ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ያደረቅኩት መልሶ ይጠጣል ማለት ነው?

ቤተ ሙከራ

አዎ፣ ክፍት ከተውከው በሳምንታት ውስጥ ይመልሰዋል። በርሜል ደግሞ ሞቅ ቀዝቀዝ ሲል ይተነፍሳል፣ ቀን አየር ያወጣል፣ ማታ እርጥብ አየር ይስባል። ስለዚህ በጋ ላይ ያደረቅከውን እስከ አፉ ሞልተህ አሽገው። ከላይ ባዶ ቦታ ባነሰ መጠን የሚተነፍሰው ያንሳል።

ጄል የሚለው ሐሳብህ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው። በርሜሉ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ላይ እርጥበት የሚይዝ ነገር የያዘ ትንሽ ጣሳ ግጠምበት። ነዳጁን አይነካም፣ ወደ ሞተር የሚሄድበትም መንገድ የለም። ለዚህ ግን ከዳይፐር ዱቄት ይልቅ ሲሊካ ጄል ይሻላል፣ ያ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው። በዝቅተኛ እርጥበት የበለጠ ይይዛል፣ ምጣድ ላይ አድርቀህ ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ። ከነዳጅ የወጣ ፖሊአክሪሌት ግን ምጣድ ላይ እንዳይሞከር። ነዳጅ ጠጥቷል፣ ይነዳል። ፍሳሽ ውስጥም አትጣለው፣ እዚያ ውሃ ሲያገኝ አብጦ ቧንቧውን ይደፍነዋል።

ቄራ ፊልትሮ

ክረምት ላይ ሌላም ጠላት አለ። ውሃና ነዳጅ በሚገናኙበት መሐል ተሐዋስያን ይራባሉ። ባዮዲዝል ደግሞ ከናፍጣ ይበልጥ ይስማማቸዋል። ፊልትሮውን ስትከፍት ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ካየህና ከሸተተህ እነሱ ናቸው። ያኔ ፊልትሮ መቀየር ብቻ አይበቃም፣ ታንኩ ይወርዳል፣ ይታጠባል። ከሥር ቧንቧ አድርግለትና በየሳምንቱ ጥቂት አፍስስ። ውሃ ከሌለ እነሱም የሉም።

አሌክሳንድሪያ

የጋሼ ምክር ወርቅ ነው። እዚህም ክረምት ላይ ስንት ሰው ታንኩን ያወረደው በዚያ ምክንያት ነው።

ገርጂ ጀነሬተር

በቃ እንዲህ ላደርግ ነው። ዘይቱን ራሱን ሳልጀምር አጣርቼ አደርቀዋለሁ፤ መነሻው ላይ ውሃ ካለ ኮስቲክ ሶዳው ሳሙና እንደሚሆንብኝ አይቼዋለሁ። ከእጥበት በኋላ ሌሊት አስቀምጬ ሥሩን አወጣለሁ። ቀን በጥቁር በርሜል አንጠባጥባለሁ። አሽጌ አፉ ላይ ሲሊካ ጄል። ጀነሬተሩ ላይ ደግሞ ውሃ መለያ ያለው ፊልትሮ እጨምራለሁ። ጋሼ፣ ለሊስተር ሞተር የሚሆን ውሃ መለያ የት ይገኛል?

ቄራ ፊልትሮ

ሶማሌ ተራ አታጣውም፣ ግን የሚሸጡልህ ግማሹ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ከሥር ብርጭቆ ያለውን ምረጥ፣ ውሃው ሲጠራቀም በዓይንህ ታየዋለህ። ከመግዛትህ በፊት የድሮውን ይዘህ እኔ ጋ እለፍ፣ ጥርሱ ይለያያል።

ማማ ዳይፐር

ዳይፐሮቹ ስለተረፉ ደስ ብሎኛል። የገዛህ ካለህ በግማሽ ዋጋ እወስዳለሁ።